በጋሽ ስፖኪዮ ግንባር ላይ የቀረው መነጽር

ጋሽ ስፖኪዮ ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ያንን ስም የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው። ሚኒባስ በሚነዱበት ዘመን ከፊታቸው ካለው መንገድ ይልቅ ከኋላቸው የሚሆነውን ነበር አብዝተው የሚያዩት። ማን ሳይከፍል ሊወርድ እንዳሰበ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የትኛዋ ልጅ በማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ እንቅልፍ እንደጣላት፣ ሁሉን ከግንባራቸው በላይ ከተሰቀለችው ትንሽ መስታወት ያነቡታል። ተሳፋሪው ስፖኪዮ አላቸው፣ ስሙም ተጣብቆባቸው ቀረ። ይህን ሁሉ እያዩ ታዲያ አንድም ቀን ከሰው መኪና ጋር ተነካክተው አያውቁም። እንዲህ የሚሉት ግን ራሳቸው ናቸው።

አሁን መንዳት ትተዋል። ለምን ተዉ ሲባሉ «ወገቤ» ይላሉ። ወገባቸው እንደ ብረት ነው። የግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶበት ነው የተዉት፤ ለማንም አልተናገሩም። በቀኙ እያዩ፣ በግራው እያስመሰሉ ይኖራሉ።

የሚኖሩት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው። ባለቤታቸው ሞተዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ከከተማው ወዲያ ማዶ ትኖራለች፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ናት። እሁድ እሁድ ትደውላለች።

«አባዬ፣ ልምጣ ዛሬ?»

ይቺ ጥያቄ ስትመጣ ጋሽ ስፖኪዮ እጃቸውን ዘርግተው የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ።

«ኧረ ዛሬማ ቤቱ ሰው ሞልቷል። የድሮ ጓደኞቼ ናቸው። ሲንጫጩ አትሰሚም?»

«እሰማለሁ። አንዱማ ስለ ዶሮ ይጨቃጨቃል።»

«እሱ እንዲህ ነው፤ ከዶሮ ሌላ ወሬ የለውም።»

«እንግዲያው ተጫወቱ፣ አላስቸግርህም።»

ስልኩ ሲዘጋ ሬዲዮውም ይዘጋል። ስለ ዶሮ በሽታ የሚከራከሩት ሁለቱ ሰዎች አፋቸውን እንደከፈቱ ድርግም ይላሉ፣ ጋሽ ስፖኪዮም ከወንበራቸው ጋር ይቀራሉ።

ለምን ይዋሻሉ ከተባለ፣ መጀመሪያ የዋሹት ለክፋት አይደለም። ልጅቷ ያን ሰሞን ሥራ በዝቶባት ድምፅዋ እንኳ ደክሞ ነበር፤ ለእኔ ስትል ከተማውን አቋርጣ እንዳትንከራተት ብለው ነው። ሰው አለው ብላ ደስ ብሏት ስትስቅ ሰሙ። በሚቀጥለው እሁድም ደገሙት። ከዚያ በኋላ ውሸቱ ጠባብ መንደር ውስጥ እንደገባ መኪና ሆነባቸው፤ ወደፊት መንገድ የለም፣ የኋላ ማርሹም አልገባ አለ። ልጅቷም እየቆየ «ልምጣ?» ማለቱን ቀነሰች። እሳቸው ግን ሬዲዮውን ከስልኩ አጠገብ አላራቁትም።

ጥርሳቸው የተሰበረው በደረቅ ዳቦ ነው። አንድ ዳቦ ለአንድ ሰው ይበዛል፣ ያድራል፣ ይደርቃል። እሳቸው ደግሞ ዳቦ መጣል አይወዱም። ከመንጋጋቸው በስተቀኝ፣ ድሮ በብርማ ሙሌት የተደፈነው ጥርስ ቀጭ አለና ግማሹ ከዳቦው ጋር ወጣ። ሦስት ማታ በቅርንፉድ ካታለሉት በኋላ ጥርሱ አልታለል ሲል ወደ ክሊኒክ ሄዱ።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፤ ከታቹ የዓይን ክሊኒክ፣ ከዚያ ታች የጫማ መደብር። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የመጣው ሁሉ ሰው ይዞ ነው የመጣው። አንዱ እናቱን፣ አንዷ እህቷን፣ አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ፍቅረኛውን ይዞ፣ ሕመሙ የእሷ ይመስል እሷ ናት እጁን ይዛ የምታለቅሰው። ነርሷ ወጥታ «ሰው አብሮዎ መጥቷል አባባ?» ስትላቸው ጋሽ ስፖኪዮ ግራ ቀኝ አዩና፣

«አዎ፣ መኪና ማቆሚያ እየፈለገ ነው» አሉ።

እንዲህ ዓይነት ውሸት ለሹፌር ከባድ አይደለም።

ነርሷን ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት። ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች፣ ድምፅዋ ሻካራ፣ እጇ ግን ለስላሳ የሆነ ሴት ናት። ወንበሩን አስተኝታ፣ ደረታቸው ላይ ወረቀት አንጥፋ፣ አንድ ብርቱካንማ የፕላስቲክ መነጽር አቀበለቻቸው። ግራና ቀኙ በክንፍ የተሸፈነ፣ ብዙ ታጥቦ ጭረት የበዛበት ነው።

«ይህን ያድርጉልኝ አባባ።»

«እኔ ያመመኝ ጥርሴን ነው። ዓይኔ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም፤ ለዚያ ነው እንዲተርፍ የምንፈልገው። ሲቦረቦር ውሃ ይረጫል፣ ስባሪ ይፈናጠራል። መርፌውም መሣሪያውም የምንቀባበለው በፊትዎ ላይ ነው።»

«ዕድሜ ልኬን ስነዳ ከጎማ ሥር የሚፈናጠር ድንጋይ ስንቱን መስታወት ሲሰብር አይቻለሁ። ዓይኔ ግን ይኸው አለ።»

«መስታወት ስለነበረዎ ነዋ። ይኸው፣ ሌላ መስታወት።»

ዶክተሯ ከጭንብሏ ውስጥ ሳቀች። ወጣት ናት፤ እሷም በበኩሏ ትንሹን ነገር አጉልተው የሚያሳዩ፣ ብልቃጥ የሚመስሉ ሁለት ማጉያዎች የተተከሉበት መነጽር አድርጋለች። በዚያ ስታይ አንድ ጥርስ የቤት ያህል ይሆንላታል፤ ከጥርሱ ውጭ ያለውን ዓለም ግን አታይም። ጋሽ ስፖኪዮ መነጽሩን አደረጉ። በማደንዘዣው መርፌ ከንፈራቸው ደነዘዘ፣ ምላሳቸው የሰው ምላስ መሰላቸው፣ መቦርቦሪያውም ጮኸ።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር።

ችግሩ የመጣው ከመብራቱ ነው። ከራሳቸው በላይ የተንጠለጠለው መብራት ፊቱ በሚያብረቀርቅ ክዳን የተሸፈነ ነው፣ ክዳኑም እንደ መስታወት ያሳያል። ጋሽ ስፖኪዮ መስታወት ከግንባራቸው በላይ ተሰቅሎ ሳያዩበት ማለፍ የሚችሉ ሰው አይደሉም። አሻቅበው ሲያዩ የራሳቸውን አፍ የሚመስል ነገር፣ የዶክተሯንም ጣቶች የሚመስል ነገር አዩ። የሚመስል ብቻ፤ ምክንያቱም የውሃው ጉም መነጽሩ ላይ ተኝቷል። የግራ ዓይናቸው ከድሮም ጉም ነው። አሁን ቀኙም ጉም ሆነ።

ከአፋቸው ውስጥ ድምፅ ይሰማሉ፤ ይቦረቦራል፣ ይሳባል፣ ይፋቃል። ምን እየሆነ እንደሆነ ግን አያዩም። የኋላ በር ሲከፈት ሰምተው መስታወቱን እንዳያዩ የተከለከሉ ያህል ሰውነታቸው ሁሉ ተወጠረ። ሲስተር ጥርሱ የሚደፈንበትን ለመበጥበጥ ፊቷን ወደ መሳቢያው አዞረች። ዶክተሯ በብልቃጦቿ ጥርሱ ውስጥ ገብታለች። ጋሽ ስፖኪዮ አንድ ጣታቸውን ብቻ አንስተው መነጽሩን ቀስ አድርገው ወደ ግንባራቸው ገፉት።

ጥርት ብሎ ታያቸው። አፋቸው፣ ቀይ ጨለማ፤ መሐል ላይ ያ አሮጌ ሙሌት። ለካ እንዲህ ሆኗል ብለው ሳይጨርሱ ሙሌቱ ተሰነጠቀና አንዲት ብናኝ የምታክል ብር እንደ ንብ መጥታ የቀኝ ዓይናቸውን መታች።

እጃቸውን አነሱ። መቦርቦሪያው ወዲያው ዝም አለ።

«አመመዎት? ጥርሱ ነው?»

ጋሽ ስፖኪዮ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ሲስተር ዞር ስትል መነጽሩ ግንባራቸው ላይ እንደ ኮፍያ ተቀምጦ አየችው።

«አይሹት፣ እጅዎን ያንሱ» አለች። መነጽሩን ከግንባራቸው አነሳችው።

«ቀና ብዬ ማየት ነበረብኝ» አለች ዶክተሯ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ዓይናቸውን በንጹሕ ፈሳሽ ደጋግመው አጠቡላቸው። ጥርሱን ለጊዜው ደፈኑትና ሲስተር ክንዳቸውን ይዛ ወደ ታች፣ ወደ ዓይን ክሊኒኩ ወሰደቻቸው። የዓይን ሐኪሙ ቢጫ ጠብታ አንጠባጥቦ በሰማያዊ ብርሃን አያቸው።

«ብናኟ ወጥታለች። ጭረት ትታለች፤ ጥልቅ አይደለም፣ በጥቂት ቀን ይድናል። ቅባት አድርጌ እሸፍነዋለሁ።» ሸፈነው። «አሁን በግራው ይዩልኝ። ስንት ጣት ነው?»

ጋሽ ስፖኪዮ ከፊታቸው የሚወዛወዝ ጥላ አዩ።

«አንተ ስንት አለህ?»

«እየጠየቅኩዎት ነው አባባ።»

«በቂ ነው። ብዙ ጣት ነው።»

ሐኪሙ መብራቱን ወደ ግራው አዞረ። «ይህ ሞራ ነው፣ ከቆየ ሰንብቷል። ያውቁ ነበር?»

«ወገቤን ነው የሚያመኝ።»

«ስለ ዓይንዎ ነው የጠየቅኩት።»

ሲስተር ክንዳቸውን የያዘችበትን እጅ ጠበቅ አደረገች።

«ሞራው በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ያኛው ሲድን ይምጡ» አለ ሐኪሙ። «ለዛሬ ግን ብቻዎን አይሄዱም። ደረጃውንም አያዩትም። አብሮዎ የመጣ ሰው አለ?»

«አለ፤ መኪና ማቆሚያ እየፈለገ ነው ብለዋል ሲገቡ» አለች ሲስተር።

«እስካሁን?» አለ ሐኪሙ። «ሰውየው መኪናውን ሌላ አገር ሊያቆም ነው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ስፖኪዮ አንገታቸውን ደፉ፣ ሲስተርም ነገሩ ገባት።

ወደ ላይ መልሳ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው። የመጣው ሰው ሁሉ በየያዘው ሰው ተይዞ ሄዷል። ያ ጎረምሳም ፍቅረኛውን አባብሎ ወስዷታል። ሲስተር ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጣችና ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«ለማን ልደውል?»

ያነሱላት የመጀመሪያው ስም የድሮ ረዳታቸው ነው። በሚኒባሳቸው በር ላይ ተንጠልጥሎ አብሯቸው ያረጀ ልጅ፤ አሁን የራሱን መኪና ይነዳል። ደወለችና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

«ማነው? ጋሽ ስፖኪዮ? በሕይወት አሉ እንዴ ጋሼ?» አለ ረዳቱ፣ ከኋላው ጥሩንባ ይጮኻል። «ምነው በደህና?»

«ደህና ነኝ። አንተስ? ልጆቹስ?»

«ሁሉም ደህና። ፋታ የለም እንጂ ልጠይቅዎ እያሰብኩ ነበር። ምን ልርዳዎ?»

ጋሽ ስፖኪዮ ደንዝዞ በተንጋደደ ከንፈራቸው፣ «ምንም፤ እንዲሁ ሰላም ልበልህ ብዬ ነው» አሉ። «በል፣ መንገድህን እይ።»

ሲስተር ስልኩን ተቀብላ አየቻቸው።

«ለሰላምታ ነው እንዴ የደወልነው?»

«እየነዳ ነው። የሚነዳ ሰው አይረበሽም።»

ቀጥለው ያነሱት የድሮ ጎማ ጠጋኛቸው፣ የጎሚስታው፣ ስልክ አይሠራም። የመካኒኩን ስልክ ሚስቱ አነሳችና ሰውየው ከሞተ መቆየቱን፣ እሳቸውም ለቅሶ አለመምጣታቸውን ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ስፖኪዮ ሌላ ስም አላነሱም።

«እዚህ ‹ልጄ› የሚል አለ» አለች ሲስተር።

«እሷን ተያት፤ ሥራ ላይ ናት።»

«እኔስ ምን ላይ ነኝ?»

«አንቺ ታክሲ ውስጥ አስገቢኝ፣ ሰፈሬን እኔ እነግረዋለሁ። መንገዱን በጨለማም አውቀዋለሁ።»

«መንገዱን ያውቁታል። ቤትስ ሲደርሱ? ቁልፉን ማን ይከፍታል፣ ቅባቱን ማን ያደርጋል? ቤት ማን አለ?»

‹ቤቱ ሰው ሞልቷል› የምትለዋ ነገር በራሷ ጊዜ ተነስታ ጉሮሯቸው ድረስ መጣች። ብዙ ጊዜ ስለወጣች መንገዱን ታውቀዋለች። ግን የደነዘዘው አፋቸው ላይ ደርሳ ቆመች። ይቺ ሴት አብራቸው ልትሄድ ትችላለች፤ በሩን ከፍታ ልታይ ትችላለች። የጋሽ ስፖኪዮ ያልተሸፈነው ዓይን እንባ አቀረረ፣ ሲስተርም እንዳላየች ሆነች።

«በይ ደውዪላት» አሉ።

ልጅቷ ወዲያው አነሳችው። «አባዬ? በሥራ ቀን? ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ጥርሴን ልታከም መጥቼ፣ ዓይኔን ትንሽ መታኝ።»

«ጥርስህን ነው ዓይንህን?»

«ሲጀምር ጥርሴን ነበር።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«መርፌው ነው። እ... ለብቻህ አትሂድ ብለውኛል።»

«ታዲያ ከነዚያ ጓደኞችህ አንዱ የለም? ስጠኝ እስቲ፣ እኔ ላናግረው።»

ጋሽ ስፖኪዮ በልማድ ቀና አሉ፤ ኋላቸውን ሊያዩ። ከግንባራቸው በላይ ነጭ ጣሪያ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከሲስተር ትንፋሽ በቀር የሚሰማ የለም፣ ከፍ የሚያደርጉት ድምፅም የለም።

«ማንም የለም» አሉ።

«ወጥተው ነው?»

«አይ። ድሮም የሉም።»

«እንዴት ድሮም የሉም? እሁድ እሁድ የሚንጫጩትስ?»

«ሬዲዮ ነው።»

ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናዎች ሲያጉረመርሙ ይሰማል።

«ያ ስለ ዶሮ የሚጨቃጨቀውም?»

«እሱም።»

ጋሽ ስፖኪዮ ዘጋችው ብለው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁ፣ መልሰው አስጠጉ።

«የት ነህ?» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። ሲስተር ስልኩን ተቀብላ አድራሻውን ነገረቻት።

ልጅቷ ስትመጣ አላቀፈቻቸውም። ፋሻውን አየችው፣ ቅባቱንና ቀጠሮውን ከሲስተር ተቀበለች፣ «ተነስ በል» ብላ ክንዳቸውን ያዘች። ሲስተር በሩ ድረስ ሸኘቻቸውና፣

«ጥርሱን ለመጨረስ ሲመጡ መነጽሩን እኔ ራሴ ነኝ የማሥርልዎት፤ በገመድ» አለች።

«እሺ» አሉ ጋሽ ስፖኪዮ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አያጡላትም ነበር።

ልጅቷ ሚኒባስ ውስጥ ከመስኮቱ በኩል አስቀመጠቻቸው። ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የእሳቸው የግራ እግር ወለሉን ይረግጣል። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ልጅቷ ወደ እሳቸው ሳትዞር ተናገረች።

«እኔ እኮ ስመጣ እንደ ትርፍ ተሳፋሪ ልቆም መስሎኝ ነው የቀረሁት። ሰው አለው፣ ይጫወታል፣ ምን አረብሸዋለሁ ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ሥራ ቦታ ‹አባቴ እኮ ሰው አይለየውም› እያልኩ እኮራብህ ነበር። እሁድ እሁድ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ልብሴን ሳጥብ፣ ቢያንስ እሱ ብቻውን አይደለም እል ነበር።»

የሚኒባሱ ረዳት «ሒሳብ» ሲል ልጅቷ ለሁለት ሰው ከፈለች።

ቤት ሲገቡ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ፣ የግማሽ ዳቦ ቅሪት። ጋሽ ስፖኪዮ የምታየውን አያዩም፤ ግን ምን እንደምታይ ያውቃሉ።

«ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፤ እኔ አልጋው ላይ እሆናለሁ» አሉ።

እጇን ታጥባ ፋሻውን አነሳች፣ ቅባቱን አደረገች፣ መልሳ ለጠፈችው። እጇ ይፈጥናል፤ የለመደ የስፌት እጅ ነው። ጨርሳ ከአጠገባቸው ተነሳች። ከዚያ ቤቱ ዝም አለ።

ያንን ዝምታ ጋሽ ስፖኪዮ ከማንም በላይ ያውቁታል። ዛሬ ግን ሰው ያለበት ዝምታ ይሁን የሌለበት መለየት አቃታቸው። የከንፈራቸው ድንዛዜ እየለቀቀ፣ ጥርሳቸው እየነቃ ነው። በመስኮቱ በኩል፣ ገና ባልመሸው ብርሃን ውስጥ፣ አንድ ጥላ ቆሞ ይታያቸዋል። ልጃቸው ትሁን የተሰቀለው ካፖርታቸው ይሁን አላወቁም። ጥላው አይንቀሳቀስም። «አትሂጂ» ሊሉ ፈለጉ፤ ካፖርት እንዳይለምኑ ፈሩ።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

ድምፁ የመጣው ከመስኮቱ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ነው።

«እየወጣሽ ነው?»

«ጫማዬን እያወለቅኩ ነው።»

ጋሽ ስፖኪዮ ጋደም አሉ። ቤቱ ደግሞ ዝም አለ። አሁንም መጠየቅ አማራቸው፤ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ግን አሳፈራቸው። ስለዚህ ድምፅዋን ለመስማት እህ እህ ብለው ሳሉ።

«ምነው?» አለች።

«ምንም» አሉ።

ትንሽ ቆዩና እንደገና ሳሉ።